ሰባት ቤት ስትቆጥሩ በሽታውንም ቁጠሩ

ቡና ስቀዳ እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር። መጀመሪያ ጀበናው ከብዶኝ መሰለኝ። ከዚያ ግማሽ ጀበናም ይፈስብኝ ጀመር፤ ከሲኒው አልፎ ረከቦቱ ላይ። ጅማ ሄርማታ ሰፈር ቡና የሚያፈስ እጅ ቶሎ ይታያል። አጠገቤ የተቀመጡት ጎረቤቴ ጀበናውን ቀስ ብለው ተቀበሉኝና "ምን አስደነገጠሽ ልጄ?" አሉኝ። ምንም አላስደነገጠኝም። ልቤ ግን ቁጭ ባልኩበት ዳገት እንደሮጠ ሰው ይደልቅ ነበር።

በሦስት ወር 9 ኪሎ ቀነስኩ፤ ያውም እንደ ጉድ እየበላሁ። ሌሊት ላብ ያጠምቀኛል። ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ፊደሉ ይወላገድብኛል። መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ታይፎይድ ነው ብሎ መድኃኒት ሰጠኝ። ስመለስ "ነርቭ ነው" ተባልኩና መርፌ ተወጋሁ። ሰባት ወር እንዲህ አለፈ። በዚህ ሁሉ ጊዜ "ከቤተሰብሽ እንቅርት ያለበት፣ ዓይኑ የፈጠጠ ሰው አለ?" ብሎ የጠየቀኝ የለም። ብጠየቅም "የለም" ነበር የምለው። አላውቅማ።

በሽታው ግሬቭስ ይባላል። የሰውነታችን መከላከያ ተሳስቶ አንገት ላይ ያለውን የታይሮይድ ዕጢ እያነሳሳ ሆርሞን ከልክ በላይ ያስመርተዋል። ስሙ ከታወቀ በኋላ እናቴን ስጠይቃት አጋሮ ያለችው አክስቴ ለዓመታት የዚህኑ በሽታ መድኃኒት ስትውጥ እንደኖረች ነገረችኝ። "ለሰው እንዳትናገሪ ብላኝ ነው" አለች። አጋሮ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መልሱ እዚያ ተቀምጦ እኔ የታይፎይድ መድኃኒት ስውጥ ነበር።

አያቴ ሰባት ቤት ስትቆጥር አንድ ስም አትስትም። ማን ማንን አገባ፣ ማን ከየት መጣ፣ ሁሉንም ታውቃለች። በምን እንደታመሙ ግን የሚቆጥር የለም። ዛሬ የማሳያችሁ እሱን እንዴት እንደምትቆጥሩ ነው። የዘረመል ምርመራ ለብዙዎቻችን ሩቅም ውድም ነው። የቤተሰብ የጤና ታሪክ ግን የሚፈልገው ወረቀት፣ እርሳስና ትዕግሥት ነው።

ከወረቀቱ በፊት

ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ዘር እንዴት እንደሚወረስ ያሳየውን የሜንዴልን አተር በየዓመቱ አስተምራለሁ። አንድ ዘረመል፣ አንድ ውጤት፤ ረጅም ወይ አጭር። አብዛኛው የሆርሞን በሽታ ግን እንደ አተሩ አይደለም። ሁለት ሰዎች በዘር ፊደላቸው የሚለያዩት ከ1,000 በአንዱ ገደማ ነው። ጠቅላላው ፊደል 3 ቢሊዮን ገደማ ስለሆነ ልዩነቱ ወደ ሚሊዮኖች ይደርሳል። አብዛኛው ምንም አያደርግም። አንዳንዱ ትንሽ ይገፋል። ብዙ ትንንሽ ግፊቶች አንድ ሰው ላይ ሲደራረቡ ነው ነገር የሚመጣው።

ለምሳሌ በ2006 እ.ኤ.አ. የአይስላንድ ተመራማሪዎች ቲሲኤፍ7ኤል2 የሚባል ዘረመል ላይ ከሁለተኛው ዓይነት ስኳር በሽታ ጋር የተያያዘ ልዩነት አገኙ። ከአንድ ወላጅ የወረሰው ሰው ስጋቱ በ40 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ከሁለቱም የወረሰው በእጥፍ ገደማ። ቢሆንም ልዩነቱን ይዞ ሳይታመም የሚያረጅ ሰው ሞልቷል።

ስለ ራሴ በሽታ ደግሞ ዴንማርክ ውስጥ መንትዮች ላይ የተሠራ ጥናት አለ። ፍጹም ከሚመሳሰሉ መንትዮች አንደኛዋን ግሬቭስ ከያዛት ሌላኛዋንም የመያዙ ዕድል 35 በመቶ ገደማ ሆኖ ተገኘ። በማይመሳሰሉት መንትዮች ግን 3 በመቶ ገደማ ነው። ይህን ቁጥር ሁለት ጊዜ አንብቡት። ከ3 ወደ 35 መዝለሉ የዘር ጉልበት ነው። የቀረው 65 ደግሞ ያንኑ ዘር ይዛ ያልታመመች እህት ናት። መካከል ላይ ሌላ ነገር ይገባል። ሲጋራ አንዱ ነው። ከወሊድ በኋላ ያሉት ወራትም እንደዚሁ። ስለዚህ ወረቀታችሁ ላይ የምታዩት የት ቀድማችሁ መመልከት እንዳለባችሁ ብቻ ነው። ፍርድ አድርጋችሁ አትውሰዱት።

አሳሳሉ

የፍሊፕ ቻርት ወረቀት ተጠቀምኩ። የደብተር ገጽ አይበቃም፤ የእናቴ እናት ብቻ 9 ወልዳለች። በእርሳስ ሥሩ፣ ላጲስም አጠገባችሁ ይሁን። ሴት ክብ ናት፣ ወንድ አራት ማዕዘን። ባልና ሚስትን በአግድም መስመር አገናኙ። ልጆቹን ከሥር አውርዱ፣ ታላቁን ከግራ ጀምራችሁ። የታመመውን አጥቁሩት። የሞተው ላይ ሰያፍ መስመር አድርጉ። ራሳችሁን በቀስት አመልክቱ። ይህን ምልክት ሐኪሞች ያውቁታል፤ ይዛችሁ ብትሄዱ ማብራሪያ አይፈልግም።

ሰባት ቤት ድረስ መውጣት አያስፈልግም። ከወላጅ፣ ከልጅና ከእህት ወንድም ጋር የዘራችንን ግማሽ ያህል እንጋራለን። ከአያት፣ ከአክስት፣ ከአጎት፣ በአንድ ወላጅ ብቻ ከሚገናኝ እህት ወንድም ጋር ሩብ። ከአክስት ልጅ ጋር ስምንተኛ። ሰባተኛው ቤት ላይ ካለ አንድ ቅድመ አያት የሚደርሳችሁ በአማካይ ከ1 በመቶ በታች ነው። ሦስት ትውልድ ይበቃል፤ እናንተ፣ ወላጆቻችሁና አያቶቻችሁ፣ ከነእህት ወንድሞቻቸው።

በጉዲፈቻ ያደገ ልጅ ቤት ውስጥ ከሌላው አይለይም። ወረቀቱ ላይ ግን መስመሩን ነጠብጣብ አድርጉለት። አባቱ ሌላ የሆነ ወንድም ካለ ደግሞ ለብቻችሁ እወቁት እንጂ ሰው ፊት አትጠይቁ። እኔ አንድ ቦታ ላይ ባዶ መስመር ትቻለሁ። ባዶ መስመር ቤት ከማፍረስ ይሻላል።

እንዴት እንደምትጠይቁ

ዋናው ሥራ ይሄ ነው። የመጀመሪያ ስህተቴን ልንገራችሁ። ዘመድ ሁሉ ተሰብስቧል ብዬ ለቅሶ ላይ ጠየቅኩ። አጎቴ "አሁን የሟችን በሽታ የምትለቅሚበት ሰዓት ነው?" ብሎኝ ፊቱን አዞረ። እውነቱን ነው። ለቅሶ ቤት አትጠይቁ። ሐሙስ ገበያ ደርሶ የሚመለስ ዘመድ ቤታችሁ ጎራ ሲል ጠይቁ። በአቦል ሰዓት ሰው ይበዛል፣ ወሬውም የገበያ ነው። በረካ ላይ ሲደርስ ሰዉ ይቀንሳል፣ ድምፅም ዝቅ ይላል። ያኔ ጠይቁ።

መጀመሪያ የራሳችሁን ተናገሩ። "እኔን እንዲህ አድርጎኝ ነበር" ስል ነው እናቴ ስለ አክስቴ የነገረችኝ። ሚስጥር የሚከፈተው በሚስጥር ነው።

የበሽታ ስም ደግሞ አትጥሩ። "ታይሮይድ ያለበት አለ?" ስል ሁሉም የለም አለ። "አንገቷ ላይ ሁልጊዜ ሻሽ የምታስር ዘመድ ነበረች?" ብዬ ስጠይቅ ግን አያቴ ከመደቡ ላይ ቀና አለች። "እንዴ! የሊሙዋ እህቴ! በሙቀትም አትፈታውም ነበር።" እጇን አንገቷ ላይ አድርጋ፣ ከጉሮሮዋ ግራና ቀኝ እብጠቱ እንዴት እንደነበር በጣቷ አሳየችኝ። ሻሹ ነጭ ነበር፣ ጠርዙ ላይ አረንጓዴ ጥልፍ። ከ40 ዓመት በኋላ ጥልፉን ታስታውሳለች፤ እብጠቱን ግን በሽታ ብሎ የጠራው ሰው አልነበረም።

ስለዚህ የሚታየውን ጠይቁ። ዓይኑ የፈጠጠ፣ ሌሎች በርዷቸው እሱ የሚሞቀው፣ እየበላ የሚከሳ ነበር? ወይ በተቃራኒው ሁሌ የሚበርዳት፣ ድምፅዋ የጎረነነ፣ ሰውነቷ የከበደ? ሽንት የሚያመላልሰው፣ ውኃ የማይጠግብ፣ እግሩ ቆስሎ የተቆረጠ? የወር አበባዋ በሦስትና በአራት ወር የሚመጣ፣ አገጯ ላይ ፀጉር ያበቀለች፣ ልጅ የዘገየባት? ሲወለድ ደህና ሆኖ በሁለተኛው ወይ በሦስተኛው ሳምንት እያስመለሰው የሞተ ሕፃን? በጣም ያጠረ ወይም ጉርምስና ያልመጣለት ልጅ? ይህችን የመጨረሻዋን ለእናት ብቻ ጠይቁ፣ ለብቻዋ።

ዕድሜ ወሳኝ ነው። በ60 የመጣ ስኳርና በ18 የመጣ ስኳር አንድ አይደሉም። ትልልቆቹ ግን ዓመተ ምሕረቱን አይነግሯችሁም። "ደርግ ሲወድቅ ታሞ ነበር?" በሉ። "ስትታመም የመጀመሪያ ልጇን ወልዳለች?" በሉ። በዚህ መንገድ ከአምስት ዓመት በማይበልጥ ስህተት ትደርሱበታላችሁ። የማይታወቀው ላይ ጥያቄ ምልክት አድርጉ። በግምት አታጥቁሩ።

ጨው ነው ወይስ ዘር?

የሊሙዋን የአያቴን እህት ክብ ላጠቁር እርሳስ አንስቼ ቆምኩ። እንቅርት ሁሉ ከዘር አይመጣም። ታይሮይድ ሆርሞኑን የሚሠራው በአዮዲን ነው። ዝናብ በሚበዛበት ተዳፋት አገር አዮዲኑ ከአፈሩ ይታጠባል። ሰው አዮዲን ሲያንሰው ዕጢው የጎደለውን ለማካካስ ብሎ ያብጣል። እዚህ አገር ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። የሊሙዋ ሴትዮ ደግሞ ከዚያ በፊት ነው የኖሩት።

መለያው ጥያቄ ይሄ ነው፤ "ጎረቤቶቿም እንደዚያ ነበሩ?" አያቴ አሰብ አደረገችና "ወንዙ ዳር ያሉት ሴቶች ብዙዎቹ" አለች። ከሳች ወይ? አልከሳችም። ዓይኗስ? ደህና ነበር። እንግዲህ ይህ የጨው ነገር ይመስላል። ክቡን በግማሽ አጠቆርኩትና "ምናልባት አዮዲን" ብዬ ጻፍኩበት። የአጋሮዋ አክስቴ ግን ዓይኗ ወጥቶ ነበር፣ ከስታለች፣ ሰፈሯ ውስጥ ከእሷ ሌላ አልነበረም። እሷን ሙሉ በሙሉ አጠቆርኳት። በዘር ላይ የአካባቢው እጥረት ሊደረብ እንደሚችልም አትርሱ።

በነገራችን ላይ አዮዲን ያለውን ጨው ወጥ ሊወጣ ሲል ጨምሩት። ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡት። ፀሐይና እሳት አዮዲኑን ይቀንሱታል። ግሬቭስ ያለበት ሰው ግን ይጠቅመኛል ብሎ የአዮዲን እንክብል በራሱ አይጀምር።

ወረቀቱን ማንበብ

አንድ የጠቆረ አያት በ70 ዓመቷ ስኳር ከያዛት ብዙ አያስጨንቅም። እናት ወይ አባት ከሆነ ግን ይታሰብበት። በብዛት የሚጠቀሰው ግምት አንድ ወላጅ ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ካለበት የልጁ የዕድሜ ልክ ስጋት 40 በመቶ ገደማ፣ ሁለቱም ካለባቸው 70 በመቶ ገደማ ይላል። ቁጥሩ በአብዛኛው የመጣው ከአውሮፓውያን ጥናት ነው፤ አፍሪካ ውስጥ የተጠናው ጥቂት ነው። እኔ እንደ አቅጣጫ እንጂ እንደ ትንቢት አልይዘውም። የሚያደርገው ነገር ግን ግልጽ ነው። በባዶ ሆድ ስኳሩን ይለካ። ከ100 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) በታች ደህና ነው። ከ100 እስከ 125 ማስጠንቀቂያ ነው፤ ክብደትና እንቅስቃሴ እዚህ ላይ ብዙ ይሠራሉ። 126ና ከዚያ በላይ በሌላ ቀን ተደግሞ ከተገኘ ስኳር በሽታ ነው።

የወር አበባቸው የሚዘበራረቅና ፊታቸው ላይ ፀጉር የሚወጣ እህቶች ካሉ ፒሲኦኤስ የሚባለውን የሴቶች የሆርሞን መዛባት አስቡ። ይህ ጠንካራ የዘር ዝንባሌ አለው። በጣም የምቆጨው በዚህ ነው። ስንት ሴት "መካን" ተብላ ተፈታች። መድኃኒት ያለው የሆርሞን ችግር ነው። እህታችሁ ካለባት እናንተም የወር አበባችሁን ቀን መዝግቡ፣ ስኳርም ተለኩ።

አሁን የምጠቅሳቸውን አራት ነገሮች ወረቀታችሁ ላይ ካያችሁ ግን የሆርሞን ሐኪም ወይም የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ጋ ወረቀቱን ይዛችሁ ሂዱ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ወደ ሜንዴል አተር ይቀርባሉ፤ አንድ ዘረመል ብቻውን ሊያመጣቸው ይችላል።

ከ25 ዓመት በፊት የጀመረ ስኳር፣ አያት፣ ወላጅና ልጅ ላይ ተከታትሎ። ሞዲ የሚባል ዓይነት ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ ቤተሰቦች አንዳንዶቹ ኢንሱሊን ሲወጉ ቆይተው በትንሽ እንክብል የሚሻላቸው አሉ። ሁለተኛው የታይሮይድ ካንሰር ከአንድ ሰው በላይ ላይ፣ በተለይ ሜዱላሪ የሚባለው፣ ወይም ካንሰሩ ከኩላሊት በላይ ካለው የአድሬናል ዕጢ ዕብጠት ጋር ሲመጣ። የዚህኛው መንስኤ አር-ኢ-ቲ የተባለው ዘረመል ሊሆን ይችላል፤ አንድ ወላጅ ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ቀድሞ ከታወቀ ካንሰሩ ሳይነሳ ዕጢውን ማውጣት ይቻላል። ሦስተኛው በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት እያስመለሳቸው የሞቱ ሕፃናት፣ በተለይ ወንዶች፣ ወይም ሲወለድ ፆታው ግራ ያጋባ ልጅ። አድሬናል ዕጢው ጨው የሚይዘውን ሆርሞን መሥራት ሲያቅተው እንዲህ ይሆናል። አባትና እናት ሁለቱም ጤነኛ ሆነው የተበላሸውን ቅጂ ስለሚሸከሙ በእያንዳንዱ እርግዝና ከ4 አንድ ዕድል አለ። አባቶቻችን ሰባት ቤት የማይጋቡበት ልማድ ለእንዲህ ዓይነቱ በሽታ ጥሩ አጥር ሆኗል። አራተኛው አንድ ሰው ላይ የተደራረበ ነው፤ ታይሮይድም፣ የመጀመሪያው ዓይነት ስኳርም፣ ለምጽም። የሰውነት መከላከያ አንዱን ሲያጠቃ ሌላውንም ሊያጠቃ ይችላል።

ከነዚህ ውጪ ላሉት ጤነኛ ልጆቻችሁን በየምርመራው አታንከራትቱ። እኔ የ14 ዓመት ልጄን ደም አላስወሰድኩም። ቁመቷን በር መቃን ላይ በእርሳስ እለካለሁ፣ አንገቷን ውኃ ስትጠጣ አያለሁ፣ ምልክቱን አስተምሬያታለሁ። ስታረግዝ ግን ለአዋላጇ ቀድማ ትናገራለች። የእናት ታይሮይድ የጽንሱን አንጎል ይነካል።

ላቦራቶሪ ስትሄዱ

ለታይሮይድ መጀመሪያ የሚታዘዘው ቲኤስኤች ነው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቲኤስኤች የሚመጣው አንጎል ሥር ካለው የፒቱታሪ ዕጢ ነው፤ ለታይሮይድ "ሥራ" የሚል ትእዛዝ ነው። ታይሮይዱ አብዝቶ ሲሠራ ትእዛዙ ይቆማል። ስለዚህ የበዛ ሆርሞን ያለበት ሰው ቲኤስኤች ዝቅ ይላል፤ ያነሰበት ሰው ከፍ ይላል። የተለመደው ልክ ከ0.4 እስከ 4 ገደማ ነው፤ የላቦራቶሪያችሁን ልክ ከወረቀቱ ጎን እዩ። ለፀጉርና ለጥፍር የሚሸጠውን ባዮቲን የምትወስዱ ከሆነ ቢያንስ 2 ቀን አቁማችሁ ሂዱ፤ ውጤቱን ያዛባል።

መድኃኒት ለጀመራችሁ ሁለት ነገር። የበዛውን የታይሮይድ ሆርሞን የሚቀንሱትን ፒቲዩ ወይም ካርቢማዞል እየዋጣችሁ ጉሮሮ ቁስለትና ትኩሳት ከመጣ መድኃኒቱን አቁማችሁ በዚያው ቀን የነጭ ደም ሴል አስቆጥሩ። አልፎ አልፎ ነጭ የደም ሴልን ክፉኛ ያወርዳል። ሁለተኛው የኛ የጅማዎች ጉዳይ ነው። እኔ በመጨረሻ ታይሮይዴ በቀዶ ሕክምና ወጣ። አሁን በየቀኑ ሆርሞኑን የሚተካ ሌቮታይሮክሲን እወስዳለሁ። ይህ እንክብል ቡና አይወድም። ቡና ላይ ከወሰዳችሁት ሰውነት በደንብ አይቀበለውም። ሦስት ወር ሙሉ የቲኤስኤች ውጤቴ አልስተካከል ያለው ለዚህ ነበር። አሁን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል በውኃ ብቻ እውጣለሁ። ቡናው የሚፈላው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። የደም ማነስ አይረን ወይም ካልሲየም የምትወስዱ ደግሞ በ4 ሰዓት አራርቁት።

ወረቀቱ የት ይቀመጥ

አክስቴ ለምን እንደደበቀች በኋላ ገባኝ። ሁለት ያልተዳሩ ሴት ልጆች ነበሯት። "ዘሯ በሽታ አለበት" እንዳይባል ነው። ይህ ፍርሃት ከንቱ አይደለም፤ እውነትም ይባላል። ስለዚህ ስም አትጻፉ። እኔ የእናቴን ወገን "እ1፣ እ2" ብዬ ቁጥር ሰጠሁ። የስሞቹ ዝርዝር በሌላ ወረቀት፣ እናቴ ሣጥን ውስጥ ነው። ፎቶውን በቴሌግራም የላክሁት ለእህት ወንድሞቼ ብቻ ነው፤ ለቤተሰብ ግሩፕ አልላክሁም። አዲስ ነገር ስንሰማ እንጨምራለን፣ ከሥሩም ቀን እንጽፋለን።

ባለፈው ወር አጋሮ ሄጄ ወረቀቱን ለአክስቴ ዘረጋሁላት። ማንበብ አትችልም፤ ምልክቶቹን ግን አንድ በአንድ አስረዳኋት። ጣቷን በልጆቿ መስመር ላይ አስኬደች። አራት ቆጠረች። "አምስት ናቸው" አለችኝ። በሁለተኛው ሳምንት የሞተ ወንድ ልጅ ነበራት፤ እናቴም አላነሳችልኝም። አስመለሰው ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ትኩሳት እንደነበረው ብቻ ነው የምታስታውሰው። ከሴቶቹ ልጆቿ በፊት ትንሽ አራት ማዕዘን ሣልኩ፣ ሰያፍ መስመር አደረግሁበት፣ ከጎኑ ጥያቄ ምልክት። እርሳሱን ከእጄ ወስዳ መስመሩን ደግማ አደመቀችው።